የሙሽሪት ሐሞት

በገና ሰሞን ጎንደር ውስጥ ሆቴል ወጥ ቤት የሠራ ሰው ጭንቁን ያውቀዋል። ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ ከወዲሁ መግባት ይጀምራል። ትእዛዙ ይዥጎደጎዳል። እኛ ምሳችንን የምንበላው ቆመን ነው፤ ያውም ከተገኘ።

ሽንኩርት የምትከትፍልን ልጅ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ስሟን ትተን «ሙሽሪት» ነው የምንላት። የተከራየችው ቬሎ ጠበባትና መክሳት አለብኝ አለች። የነቢያት ጾም ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾሟ ያለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን የሎሚ ውኃ ጠጥታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ማታም ያው። በየሳምንቱ ጉንጯ እየጎደለ ሄደ።

የገና ዕለት የሠራተኛው ዶሮ ወጥ ደረሰ። የወጥ ቤታችን አንጋፋ እትዬ ቅቤ ላይ እጃቸው አይሰስትም። ሙሽሪት ያን ቀን አልሰሰተችም፤ እንቁላሉንም ደገመች። ብዙም ሳይቆይ ቢላዋዋን አስቀምጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠች። ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። በሌላው እጇ ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድኗ ሥር ተጭናለች። «ወደ ትከሻዬ ይወጋኛል» አለችና አስመለሳት።

«ጨጓራሽ ነው ልጄ፤ ባዶ አንጀት ላይ ቅቤ ወርዶበት» አሉ እትዬ። እኛ አገር ከደረት በታች የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው። ሕመሙ አልለቅ ሲላት በባጃጅ ይዘናት ሄድን።

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኛ አዞረው። ጥቁር ከረጢት ውስጥ ነጫጭ ፍሬዎች ይታያሉ፤ ከየፍሬው ጀርባ ጥላ ወርዷል። የሐሞት ጠጠር።

«እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም!»

ውፍረት አንዱ ምክንያት ነው አላት፤ ግን በጥድፊያ መክሳትም ሌላው ነው። ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከረጢቱ ያጠራቅመውና ቅባት ያለው ምግብ ሲገባ ተኮማትሮ ወደ አንጀት ይለቀዋል። ምግብ ካልመጣ ሐሞቱ እዚያው ተኝቶ ይወፍራል። ሰውነት በፍጥነት ሲከሳ ደግሞ ጉበት ተጨማሪ ኮሌስትሮል ወደ ሐሞቱ ይጨምራል። የሚጠጥረው እሱ ነው። የእሷ ጠጠር መቼ እንደጀመረ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ እናቷም ነበረባቸው፣ ሴት መሆንም በራሱ ያጋልጣል። ቢሆንም በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ አደጋውን ይጨምራል። መክሳት ለፈለገ ሰው ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ ይበቃል።

«ታዲያ ጾሙን ልተው?»

«ጾሙ ምን አደረገሽ? ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ ለዚህ ጥሩ ነው። አንቺ መቼ በላሽውና!»

እኔ በጣም የገረመኝ የዘይቱ ነገር ነው። ጠጠር የሌለበት ሰው ቅባትን ጨርሶ መተው የለበትም፤ በልኩ የሆነ የአትክልት ዘይት ከረጢቱን ያሠራዋል። መቀነስ ያለበት ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ የፉርኖ ዱቄቱ ነው። ለእሷ ግን ሌላ ነው። ጠጠሩ እያለ ቅቤና ጥብስ ሕመሙን ይቀሰቅስባታል።

አንዱ አስተናጋጅ የወይራ ዘይት በሎሚ ጠጠሩን ያወጣል የሚል ነገር ከስልኩ አግኝቶ ነበር። ሐኪሙ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በሰገራ የሚወጣው ነገር ዘይቱ ራሱ አንጀት ውስጥ ሳሙና መስሎ የረጋው ነው። ምግብ ጠጠር እንዳይፈጠር ያግዛል እንጂ የተፈጠረውን አያሟሟም። ሕመሙ ከጀመረ መፍትሔው ኦፕራሲዮን ነው፤ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራም አለ። ቀጠሮ ሰጣት። እስከዚያ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን እንድትመጣ አስጠነቀቃት።

ቬሎውን አከራይዋ አንድ ቁጥር ከፍ ባለው ቀየረችላት። ዋጋው ያው ነው። ይህን ያህል ቀላል ነበር እንግዲህ!

ወጥ ቤት ውስጥ አሁን ለጾመኛው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህን ይቀርባል፤ ቁጭ ተብሎ ይበላል። ሥራ አስኪያጁ ሥራ ይበደላል ብሎ አጉረመረመ። እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ዞሩ፦ «ልጆቼ ሳይበሉ ከዚህ ቤት ወጥ አይወጣም።»