ዶክተሩን ተዉት፤ ቀያሽ ጋብዙ

የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ ሕግ ወይም አካውንቲንግ ይላል። ሌላውን ሙያ ጠልቶት ሳይሆን አይቶት ስለማያውቅ ነው። ትምህርት ቤቱም ስለ ሙያው የሚናገር እንግዳ ልጋብዝ ሲል የሚጠራው ያንኑ ዶክተር ነው።

መሬት የሚለካ ቀያሽ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ትራንዚተር፣ ቡና ቀማሽ፣ የአየር ትንበያ ባለሙያ፣ የመብራት መስመር ሠራተኛ ግን የሚጠራቸው የለም። ሩቅ መፈለግ አያሻም፤ ብዙዎቹ የተማሪዎቹ ወላጆች ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ሥራዎ ምንድን ነው? አንድ ጠዋት መምጣት ይችላሉ?» የሚል ወረቀት ማዞር ይበቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ስለዚህ ከሦስት እንግዶች አንዱ በቴክኒክና ሙያ በኩል ያለፈ ይሁን። ሲያስተዋውቁት ግን «ነጥብ ላልመጣላችሁ» ብለው እንዳይጀምሩ። ያን ያለ መድረክ መሪ የእንግዳውን ንግግር ገና ሳይጀመር ገድሎታል።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያም የካቲትና መጋቢት ነው። ጥር የሴሚስተር ፈተና ነው፤ ከሚያዝያ ወዲያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጆሮ የለውም። ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚገኙት በክረምት ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ለገናና ለጥምቀት የሚመጡትን ከፈተናው ሳምንት በፊት መያዝ ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን «ከጠዋቱ 3:00፣ በእናንተ 9:00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉላቸው። አለዚያ ከሰዓት በኋላ 9:00 ላይ ባዶ ግቢ የሚያገኝ እንግዳ ይኖራል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ለመሥሪያ ቤቱ ይድረስ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የክፍል ደረጃውና የተማሪው ብዛት ይጠቀስበት። ከሳምንት በፊት ደውሉ፣ ዋዜማውንም ደውሉ።

አዳራሽ ውስጥ 600 ተማሪ ሰብስቦ በድምፅ ማጉያ ማናገር ለፎቶ ያምራል። ከአምስተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ግን ወሬውን ይዟል። አንድ ክፍል፣ ቢበዛ ሁለት፣ በሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ አንዱን ክፍለ ጊዜ ከሚቀጥለው መምህር ጋር መለዋወጥ ነው። 40 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ አምስቱ በመግባትና በመቀመጥ ያልቃል። ለእንግዳው 12 ደቂቃ ስጡ፤ ቀሪው ለጥያቄ። የርዕሰ መምህሩ መክፈቻ ከሁለት ደቂቃ እንዳያልፍ አስቀድሞ በትሕትና ይነገራቸው፤ ከባዱ ሥራ ምናልባት ይኼ ነው።

እንግዳው «ተስፋ አትቁረጡ፣ በርቱ» ብሎ እንዳይሄድ ምን እንደሚፈለግ በጽሑፍ ይድረሰው። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ? የት፣ ስንት ዓመት ተማርክ፣ ለመግባትስ ምን ተጠየቅክ? ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል ትምህርት ዛሬም የምትጠቀምበት የትኛው ነው? ጀማሪ ከስንት እስከ ስንት ይከፈለዋል? ከሥራው የሚያስመርርህስ ምንድን ነው? የመጨረሻዋን የሚመልስ እንግዳ ይታመናል። የሙያውን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላትም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ልጆቹ በኋላ የትምህርት ክፍል ሲመርጡ የሚያገኟቸው በዚያ ስም ነው።

ቀያሽን ያስቀደምነው ፕሮጀክተር ስለማይፈልግ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ሜዳው ላይ ባለ ሦስት እግሩን ተክሎ ማዕዘንና ርቀት የሚለካበትን መሣሪያ፣ ቶታል ስቴሽኑን፣ ከላይ ያስራል፣ ውኃ ልኩንም ያስተካክላል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ እንዳታስቸኩሉት፣ ሙያው ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ተማሪው የሚያየው እዚህ ላይ ነው። የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ቁመት ግን መጀመሪያ ተማሪዎቹ ያውጡት። በስድስት በስድስት ተቧድነው ከምሰሶው 20 ሜትር ይራቁ፤ ፕሮትራክተር ላይ ክር አስረው፣ ከክሩ ጫፍ ጠጠር አንጠልጥለው ወደ ምሰሶው ጫፍ ያለውን ማዕዘን ይለኩ። 25 ዲግሪ ቢሆን 20 ሲባዛ በታንጀንት 25፣ 9.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙው ቡድን እዚህ ላይ «ጨረስን» ይላል። የተለካው ከዓይን ከፍታ ነውና 1.5 ሜትር ይጨመርበታል፤ 10.8። ከዚያ ቀያሹ በመሣሪያው ለክቶ ይንገራቸው። ማዕዘኑን አንድ ዲግሪ መሳት ቁመቱን ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ እንደሚያዛባው ሲያዩ፣ ያ ሁሉ ውኃ ልክ ማስተካከል ለምን እንደሆነ ማንም ማስረዳት አይኖርበትም። አንድ ጥብቅ ነገር፦ በመሣሪያው መነጽር ማንም ወደ ፀሐይ እንዳያይ፤ ዓይን ያጠፋል።

ቡና ቀማሽም እንዲሁ ያለ ፕሮጀክተር ሥራውን ያሳያል። ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና፤ ውኃው 93 ዲግሪ ገደማ፤ አራት ደቂቃ ጠብቆ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰብሮ ማሽተት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እንደፈላ ማፍሰስ ነው፤ የፊዚክስ መምህሩ «ለምን?» ብሎ ይግባበት። ስድሳ ልጅ ግን ከአንድ ሲኒ በየማንኪያው አይቀምስም፤ ለአምስት ፈቃደኞች የየራሳቸው ሲኒ ይሁን፣ ሌላው ያሽትት።

ጥያቄ በዕለቱ «ጥያቄ ያለው?» ተብሎ ከተጠበቀ ከፊት የተቀመጡ አራት ወንዶች ይጨርሱታል። ከሁለት ቀን በፊት ስም የሌለበት ቁራጭ ወረቀት ይሰብሰብ፤ የክፍል ኃላፊው መምህርና ሁለት ተማሪዎች፣ አንዷ ሴት፣ አሥሩን ይምረጡ። ደመወዝ የሚጠይቀውን «ነውር ነው» ብላችሁ አታውጡት።

የግል ኮሌጅ እንግዳ በራሪ ወረቀት ይዞ ከመጣ በሩ ላይ ይቀመጥ፤ የመጣው ስለ ሙያው ሊናገር እንጂ ሊመዘግብ አይደለም። እንግዳው ቢቀር የሚተካ መምህር ወይም ወላጅ ከወዲሁ ይታወቅ።

ስልክ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ እንዳይጽፍ። ተማሪዎቹም የራሳቸውን አይስጡት። የቀረ ጥያቄ ካለ በጽሑፍ ተሰብስቦ በትምህርት ቤቱ በኩል ይላክለት፤ መልሱም በሚኒ ሚዲያ ይነበብ።