ግማሿ አልበርታ፣ ግማሿ ሳስካችዋን፦ ሎይድሚንስተርን እንዴት ጎበኘኋት

ካናዳ ውስጥ፣ ከአልበርታ ዋና ከተማ ከኤድመንተን በየሎውሄድ አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ሎይድሚንስተር ትደርሳላችሁ። አብዛኛው መንገደኛ ወደ ሳስካችዋኗ ከተማ ወደ ሳስካቱን ሲያልፍ ነዳጅ ቀድቶ፣ ቡናውን ይዞ ውልቅ ይላል። እኔ ግን እሷን ብዬ ነው የሄድኩት። የሁለት ክፍለ ሀገር ወሰን መሀል ለመሀል የሰነጠቃት ከተማ እንዴት ትኖራለች የሚለው ነገር ሲከነክነኝ ነበር።

ዕቅዴ ቀላል ነው። መኪናዬን አቁሜ ወሰኑን በእግሬ መከተል። ወሰኑ ደግሞ ሌላ ሳይሆን 50ኛ አቬኑ የሚባለው መንገድ ነው። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ አልበርታ፣ በስተ ምሥራቅ ሳስካችዋን። ኬላ የለ፣ ፈታሽ የለ። ዜብራውን ተሻግራችሁ ስትጨርሱ ክፍለ ሀገር ቀይራችኋል።

ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ 30 ሜትር ያህል የሚረዝሙ አራት ቀያይ ምሰሶዎች አሉ። መሬት ቀያሾች የሚተክሉትን ችካል አስመስለው በፈረንጆቹ 1994 ያቆሟቸው ናቸው። ለፎቶ ያምራሉ። ከዚያ በላይ ግን ብዙ አይነግሯችሁም። ወሰኑን ማየት የፈለገ ሱቅ ይግባ።

ለሙከራ ብዬ ከምዕራቡ ወገን ጓንት፣ ከምሥራቁ ወገን ካልሲ ገዛሁ። ሁለቱን ደረሰኞች መኪናዬ ውስጥ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሁለቱም ላይ ያለው ጂኤስቲ የሚባለው የፌዴራሉ 5 በመቶ የሽያጭ ታክስ ብቻ ነው። አልበርታ የራሷ የሽያጭ ታክስ የላትም። ሳስካችዋን ግን 6 በመቶ ታስከፍላለች፤ እዚህች ከተማ ላይ ስትደርስ በሱቅ ዕቃ ላይ ትተወዋለች። ወድዳ አይመስለኝም። መንገድ ተሻግሮ በርካሽ መግዛት እየተቻለ ማን 6 በመቶ ይጨምራል? ሆቴልን ግን ከዚህ አትቁጠሩ። አልጋ ከመያዛችሁ በፊት በሁለቱም ወገን ጠቅላላ ሒሳቡን ጠይቁ።

ሁሉም ነገር ግን ለአልበርታ ያደላ አይደለም። ሆስፒታሉ ያለው በሳስካችዋን በኩል ነው፤ ሁለቱም ወገን እዚያው ይታከማል። ትምህርት ቤቶቹም የሚያስተምሩት በሳስካችዋን ሥርዓተ ትምህርት ነው። አንዲት ገንዘብ ተቀባይ ወሰኑ ያስቸግራት እንደሆነ ጠየቅኳት። ቤቷ ወዲያ፣ ሥራዋ ወዲህ ነው። ትዝም አይለኝም አለችኝ። ትንሽ አሰብ አድርጋ የመኪና ኢንሹራንስ ነገር ጀመረች። በሳስካችዋን መሠረታዊው ኢንሹራንስ የመንግሥት ነው፤ በአልበርታ የግል ኩባንያዎች ናቸው። ቤት ከቀየርክ ታርጋህም ይቀየራል አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ባይረዝም ኖሮ ገና ብዙ ትነግረኝ ነበር።

መጠጥ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልተስማሙም። በአልበርታ 18 ዓመት የሞላው ይጠጣል፤ በሳስካችዋን 19 መሙላት አለበት። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። ምክንያቱም ከተማዋን በ1903 የቆረቆሯት እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች መጠጥ የማይገባባት እንድትሆን አስበው ነበር። ስሟንም ያገኘችው ከመሪያቸው ከቄስ ጆርጅ ሎይድ ነው። በ1905 ሁለቱ ክፍለ ሀገሮች ሲመሠረቱ ወሰናቸው በ110ኛው ኬንትሮስ ላይ ተሰመረና ከተማዋን ለሁለት ከፈላት። እሷ ወሰን ላይ አልሰፈረችም፤ ወሰኑ ነው የመጣባት። እስከ 1930 ድረስ ሁለቱ ግማሾቿ ለየብቻቸው ሲተዳደሩ ቆዩ። ዛሬ አንድ ከንቲባና አንድ ምክር ቤት ነው ያላቸው። ለክፍለ ሀገር ምርጫ ሲሆን ግን ምዕራቡ ተወካዩን ወደ ኤድመንተን፣ ምሥራቁ ወደ ሳስካችዋን ዋና ከተማ ወደ ሬጃይና ይልካል።

ለሚሄድ ሰው የምለው፣ ከመኪና ውረዱ። ከመስኮት ስታዩት እንደማንኛውም ሰፊ መንገድ ነው። ሰው ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚያወሩት። ምሰሶዎቹን ብቻ ካላችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ የቀረውን ለማየት ግማሽ ቀን ያዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ሰዓት ነው። ሎይድሚንስተር በሁለቱም ወገን የምትሄደው በአልበርታ ሰዓት ነው። አልበርታ በሙቀቱ ወቅት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ የቀረው ሳስካችዋን ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ሰዓት አይቀይርም። ስለዚህ በሙቀቱ ወቅት ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታወቃችሁም። በበረዶው ወቅት ግን ሳስካቱን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። የሀበሻንና የፈረንጅን ሰዓት ስናምታታ ላደግን ሰዎች ይሄ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ብቻ ሳስካቱን ቀጠሮ ካላችሁ ከሎይድሚንስተር አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጡ።