አፍንጮ በር ላይ ያሉ ስሞች

ከደሴ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ኮምቦልቻንና ከሚሴን በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጎማ ፈንድቶ ሁለት ሰዓት ቆምን፤ አዲስ አበባ ስንገባ መሽቷል። ላምበረት ድረስ ሄጄ በጨለማ ከምደናበር ብዬ ካራ ላይ ወረድኩ። ባልወረድኩ ይሻል ነበር።

የያዝኩት ፔንሲዮን ለአንድ ሌሊት 800 ብር ነው። አንሶላው እርጥበት እርጥበት ይሸታል። ሲኖትራኮቹ ሌሊቱን ሙሉ መስኮቴ ሥር ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ አደሩ። እኔ የለመድኩት የሸዋ በርን አዛንና የመድኃኔ ዓለምን ቅዳሴ እየሰሙ መንቃት ነው። እዚህ ግን ሳልተኛ ነጋ። ጠዋት ቧንቧው ደረቅ ሆነ። ፊቴን የምታጠብበት አንድ ጆግ ውሃ ብጠይቅ «ለብቻው ይከፈላል» ተባልኩ። 30 ብር ከፈልኩ። ገንዘቡ አይደለም የቆረቆረኝ። እኛ ቤት ውሃ የጠየቀ መንገደኛ ቁጭ በል ይባላል፣ ቡና ይፈላለታል።

የመጣሁት ለአያቴ ብዬ ነው። አያቴ ክብር ዘበኛ፣ የንጉሡ ጠባቂ ጦር አባል፣ ነበሩ። ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከቻቸው ሻለቆች ከአንዱ፣ ከሁለተኛው ቃኘው ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ፎቶአቸው እስከ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ቆብ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው። ስለ ውጊያው ብዙም አያወሩም። ስለ አንድ ጓደኛቸው ግን ያወሩ ነበር። «ሎጋው» ይሉታል። ሎጋው እዚያው ወደቀ። አያቴ የሱን ሁለት ጥንድ ካልሲ ደርበው ነው የኮሪያን ክረምት የጨረሱት። ደሴ ላይ በረዶ በዘነበ ቁጥር ካልሲ ይደርቡ ነበር፤ እኛ ልጆቹ እንስቅባቸው ነበር። የሎጋውን ትክክለኛ ስም ማናችንም አልጠየቅንም። አሁን እሳቸው የሉም።

ቃኘው የልዑል ራስ መኮንን፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት፣ የፈረስ ስም ነው። ሻለቃው የተመለመለው ከክብር ዘበኛ ነው፤ የዘመኑ ምርጥ ወታደር እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሳ። በባቡር ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ፑሳን። እዚያ ከአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። በየተራ የሄዱት ሻለቆች ተደምረው ከ6 ሺህ ሰው በላይ ናቸው። ከ120 በላይ ሞቱ፤ የቆሰሉት ከ500 ይበልጣሉ። አንድም ሰው አልተማረከባቸውም፤ የወደቁትንም ወደ አገራቸው መልሰዋል። አያቴ ስለ ራሳቸው ጀግንነት ሲጠየቁ ዝም ይሉና «ማንንም ጥለን አልመጣንም» ብለው ይነሱ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት የካ ውስጥ ወዳለው ኮሪያ ሰፈር ነው። ከዘመቻ ለተመለሱት ንጉሡ የሰጡት መሬት ነው ይባላል። ከመገናኛ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ፣ ቀሪውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደገፈ ሰፈር ነው። ጠባብ መንገድ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አንዲት እናት ከደጃፋቸው አዩኝና «ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ» አሉኝ። ከየት እንደመጣሁ እንኳ ሳይጠይቁ በርጩማ አወጡ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ጠዋት ስለ ውሃው የተሰማኝ ቅሬታ እዚያች በርጩማ ላይ ለቀቀኝ።

ባላቸው ዘማች ነበሩ። እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። «ከ1953ቱ ግርግር በኋላ ክብር ዘበኛ መሆን ያስፈራ ነበር» አሉኝ። የታኅሣሡን መፈንቅለ መንግሥት የመራው የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ስለነበር፣ ሠራዊቱ በሙሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ። ደርግ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ሰሜኑን የተዋጉ። «ሜዳሊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ጣሪያ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው» አሉ። እኔም ድንገት አያቴ ሜዳሊያቸውን ለምን በእህል ጎተራ ውስጥ ያኖሩ እንደነበር ገባኝ። እስከዚያች ሰዓት የእርጅና ጠባይ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ላዳ ይዤ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ወዳለበት አፍንጮ በር ወረድኩ። 600 ብር። ስወርድ አንድ ወያላ ሰምቶ «እህቴ፣ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሚኒባስ ነበር እኮ» ሲለኝ ተናደድኩ። ባለ ላዳው በአነጋገሬ የክፍለ ሀገር ሰው መሆኔ ገብቶት ነው እንጂ ለአዲስ አበባ ሰው እንደዚያ ያለ ዋጋ አይጠራም።

አፍንጮ በር የእንጦጦ ጋራ ሥር ነው፤ ነፋሱ የባሕር ዛፍ ሽታ አለው። የመታሰቢያውን ቦታ የሚጠብቀው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ነው። ሐውልቱ የተሠራው የደቡብ ኮሪያዋ የቹንቾን ከተማ ሰዎች ባደረጉት እርዳታ ነው። ቹንቾን ውስጥ ራሱ ለቃኘው ሐውልት ያቆሙት በ1960 ዓ.ም. ነው፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሄደው ተገኝተዋል። ውለታውን ያልረሱት እነሱ ናቸው ብዬ አመንኩ፤ ትንሽም አፈርኩ።

በር ላይ አንድ በከዘራ የተደገፉ አባት ፀሐይ ይሞቃሉ። ዕድሜያቸው ከ90 አልፏል። ዘማች ናቸው። አያቴን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ አያውቋቸውም። «ስንት ሰው ነበርን መሰለሽ!» አሉኝ። ሎጋው የሚባልስ? ሳቁ። «ረጅም ሁሉ ሎጋው ነበር።» እጄን ይዘው ግን አልለቀቁኝም። ዶንግዱቾን ስለሚባል ከተማ ነገሩኝ። እዚያ ወታደሮቻችን ቦሁዋ የሚባል ማሳደጊያ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ከፍተው ከደመወዛቸው እያዋጡ ይመግቡ ነበር። «ልጆቹ አማርኛ ጀምረው ነበር» ሲሉ ፊታቸው በራ።

ስለ ቦታው ጠየቅኳቸው፤ ማን ያጸዳዋል፣ ማን ይከፍላል ብዬ። ከአባላቱ ኪስና ከወዳጅ እርዳታ ነው አሉኝ። ድሮ ክረምት ሲመጣ እሳቸው ራሳቸው ሣር ያጭዱ ነበር፤ በየሳምንቱ ካልታጨደ የወደቁትን ስሞች ይሸፍናቸዋል። አሁን ጉልበታቸው እምቢ አለ። ማኅበሩን የመሠረቱት ብዙዎቹ አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚመጡት። ስለ ሣሩ ሲያወሩ ስለ ጦርነቱ ካወሩት ይልቅ ተጨነቁ።

ስሞቹ በድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል። ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ማዕረግ፣ ስም፣ የአባት ስም። ሎጋው ከእነዚህ አንዱ ነው። የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ጮክ ብዬ ጠራሁ። መሃል ላይ ድምፄ ተቆረጠ፤ አባት ከኋላዬ ሆነው «ቀጥዪ ልጄ፣ ይሰማሉ» አሉ።

አንዲት ሴት ባልዲና ጨርቅ ይዛ ከወዲያኛው ጫፍ እያጠበች ትመጣለች። የዘማች ልጅ ናት። ፈረቃ ስለሆነ ውሃ የለም፤ ከቤቷ በጀሪካን ተሸክማ ነው የመጣችው። ከመንገዱ የሚነሳው አቧራ በፊደሎቹ ውስጥ ይገባል፤ በጣቷ እየፈለቀቀች ታወጣዋለች። ጨርቅ ስጪኝ አልኳት። አላንገራገረችም፣ ቀድዳ ሰጠችኝ። ጎን ለጎን ተንበርክከን ስንሠራ ብዙ አላወራንም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲው ጠቆረ። ገና ሁለት ረድፍ ይቀራል። ጨርቁን ጨምቃ አስቀመጠችና ባዶዎቹን ጀሪካኖች አነሳች። ቤቷ ከዳገቱ በላይ ነው። አንዱን ተቀበልኳትና ተከተልኳት።