«አብዷል» የተባለው ሽማግሌ ውሻ

የምሠራው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የእንስሳት ክሊኒክ ነው። የእኛ ደንበኛ በሬ፣ ላም፣ በግና በቅሎ ነው። ውሻ የሚመጣው ወይ ለክትባት ነው፣ ወይ «በመርፌ ግደሉልን» ለመባል። እርጅናው ይታከምልኝ ብሎ ውሻ ያመጣ ሰው አልገጠመኝም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ አባት ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ውሻቸውን እየጎተቱ መጡ። ጎረቤቶቹ ዱላ ይዘዋል። ጎጃም ውስጥ ዱላ መያዝ ብርቅ አይደለም፤ የዚያን ቀኑ አያያዝ ግን ለሌላ ነበር። ውሻው ለሃጩ ይዝረበረባል። ዓይኖቹ ነጥተዋል። ግቢ ሲገባ የበሩን መቃን ገጨው።

«ዶክተር፣ አብዷል። ሰው ሳይነክስ ግደልልን» አለ አንደኛው።

በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። ማንም እንዳይነካው አድርጌ ዛፍ ላይ አሳሰርኩትና መጠየቅ ጀመርኩ።

«አባቴ፣ እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረግ፣ ከፍልሰታ ወዲህ ነው እንጂ! እንጀራውን በአንድ ጎኑ ያላምጥና መልሶ ይጥለዋል።»

ይቺ መልስ ብዙ ነገር ፈታችልኝ። የበሽታው ምልክት የታየበት ውሻ ብዙውን ጊዜ 10 ቀን ሳይሞላው ይሞታል። ከፍልሰታ እስከ ጥቅምት ለሃጩን እያዝረበረበ የከረመ ውሻ ሌላ ጣጣ አለበት። ዕድሜውን ስጠይቅ «ትንሹ ልጄ ሲወለድ ቡችላ ነበር፤ ልጁ አሁን 6ኛ ክፍል ነው» አሉኝ። ወደ 12 ዓመት መሆኑ ነው። ውሻ እኮ 7 እና 8 ዓመት ካለፈ ሽማግሌ ነው።

እንደዚያም ሆኖ እጄን ዘው አድርጌ አፉ ውስጥ አልከተትኩም። ረዳቴ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባለ ገመድ አንገቱን ያዘልኝ፤ እኔ ጓንት ደርቤ ከኋላ በኩል ማደንዘዣ ወጋሁት። መጠኑን ቀነስ አደረግሁ፤ ያረጀ ልብና ኩላሊት የጎረምሳውን ያህል አይችልም። ተኝቶ ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ሽታው ረዳቴን ወደ ኋላ አስፈነጠረው። የላይኛው ትልቁ መንጋጋ ቡናማ ድንጋይ ለብሷል። ድዱን ጫን ሳደርገው መግል ወጣ። ይህ ጥርስ 3 ሥር አለው። ሥሩ ሲመግል እብጠቱ ብቅ የሚለው ከዓይን በታች ነው፤ ባለቤቱም የዓይን በሽታ ይመስለዋል። ጥርሱን ሰንጥቀን ሥር ሥሩን ነቀልነው።

መቃኑን ያስገጨው ደግሞ የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የምንገፍበት መሣሪያ እኛ ጋ የለም። «ውሃና ምግቡን ሁሌ አንድ ቦታ አስቀምጡለት፤ ስትጠጉት በስሙ ጥሩት፤ ደንግጦ እንዳይነክስ» አልኳቸው። ጎረቤቶቹ ፊታቸው አሁንም አላመነም። ለእነሱ ብዬ «10 ቀን ታስሮ ይቆይ፤ ለሃጩ ቁስል የነካው ሰው ካለ በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ» አልኩ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱት።

ሊሄዱ ሲሉ አባት ከጋቢያቸው ውስጥ ፓራሲታሞል አወጡ።

«ድመቴም አርጅታለች። ከስታለች፤ ከውሃው እንስራ ሥር አትጠፋም። ይቺን ግማሿን ልስጣት?»

«ኧረ በማርያም፣ አባቴ! እንዳያደርጉት!» ጮኼ ነው የተናገርኩት። ለድመት ፓራሲታሞል መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም፤ ደሟ አየር መሸከም ያቅተዋል፤ ትንሿ መጠን ትገድላታለች። ያረጀች ድመት ውሃ አብዝታ እየጠጣች ከከሳች ደግሞ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኩላሊቷን ነው። ይህ በክኒን ግምት የሚያልፍ ነገር አይደለም።

«ይዘውልኝ ይምጡ፤ ልያት» አልኳቸው።

«እሷን ማን ይይዛታል? ውሻው ይሻላል!» ብለው ሳቁ።

«በእንቅብ ይክደኗት» አለ ቅድም ግደልልን ያለው ጎረቤት።