ማስኪን

ዱባይ በገባሁ ሰሞን አንዲት ፊሊፒናዊት ክፍል እንጋራ ነበር። ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። በወሬዋ መሃል "ማስኪን" የሚል ቃል ይደጋገማል። አንዳንዴ ስትለው ዓይኗ እኔ ላይ ያርፋል። ሆድ ባሰኝ። አረቦቹም "ሚስኪን" ሲሉ እሰማለሁ፤ እሷም ከእነሱ ተምራ ለእናቷ ስለ እኔ ምስኪንነት የምታወራ መሰለኝ። ሳምንት ሙሉ ዘጋኋት።

በመጨረሻ ጠየቅኋት። ደነገጠች፣ ከዚያ እጄን ያዘችኝ። በደቡብ ፊሊፒንስ የምትገኘው የዛምቦዋንጋ ከተማ ልጅ ናት። ቋንቋዋ ቻባካኖ ይባላል። ስፓኞች እ.ኤ.አ. በ1635 እዚያ ምሽግ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ የስፓኝ ቃላት ከአገሬው ንግግር ጋር ተደባልቀው የበቀለ ክሪዮል ነው። "ማስኪን ኮሳ" ምንም ቢሆን። "ማስኪን ኪየን" ማንም ቢሆን። የእኛ "ቢሆን" እና "እንኳን" አንድ ላይ ማለት ነው። የመጣው ከስፓኝ "ማስ ኬ" ነው። በታጋሎግም፣ በሌላው የፊሊፒንስ ቋንቋ፣ "ማስኪ" ይሉታል።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ አልለቀቀኝም። ካሪቢያን ውስጥ፣ ኩራሳዎ ላይ በሚነገረው ፓፒያሜንቱ "ማስኬ" ማለት "ቢሆንም" ነው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ግን፣ በቶክ ፒሲን፣ "ማስኪ" ሲሉ "ተወው፣ ግድ የለም" ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። "ምንም ቢሆን" ብሎ የጀመረ ሰው "ግድ የለም" ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል?

የእኛ "ምስኪን" ዘሩ ሌላ ነው። በጥንቱ የባቢሎን ንጉሥ በሃሙራቢ ሕግ ውስጥ "ሙሽኬኑም" የሚባል ሰው አለ፤ ከባሪያ ከፍ፣ ከጌታ ዝቅ ያለ። ቃሉ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲንከራተት ኖሮ በአረብኛ በኩል ስፓኝ ገባና "ሜስኪኖ" ሆነ። ትርጉሙ ግን ንፉግ! ድሃውን ምን በድሎ ነው ንፉግ ያሉት? ይኼ ያሳዝነኛል። በአማርኛ ምስኪን ስንል እኮ አንጀታችን ይላወሳል።

ደግሞ ዛምቦዋንጋ ራሷ ውስጥ ታውሱግ የሚናገሩ ሙስሊም ጎረቤቶች አሏት። እነሱም ድሃን "ሚስኪን" ይሉታል። ለካ እሷ ሁለቱንም ቃል እየሰማች ነው ያደገችው። የእኔ ኩርፊያ የገባት ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓርብ ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ገባች። ሻንጣዋን እየዘጋች "እንደዋወላለን አይደል?" አልኳት።

"ማስኪን ዶንዴ" አለችኝ። የትም ብንሆን።