የቦርከናን ዘገባ በፈንድ ለመሥራት

ወሎ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በአበል ነው። ድርጅቱ የእርከን ሥራ ያስመርቃል፣ ጋዜጠኛው አበሉን ይዞ ይሄዳል፣ ምረቃው ዜና ይሆናል። ማስታወቂያ ማለት ይሄ ነው። ለጋዜጠኛው ለራሱ በውድድር ገንዘብ የሚሰጡ አሉ፤ መገናኛ ብዙኃንን የሚደግፈው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኢንተርኒውስ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ኧርዝ ጆርናሊዝም ኔትወርክ አንዱ ነው።

«የአየር ንብረት ለውጥ በወሎ» የሚል ማመልከቻ ገና ከርዕሱ ይወድቃል። ጠበብ አድርጉት። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞች በኩል ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ቦርከና ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፤ እዚያ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት ያሰማራሉ። ከፋብሪካዎቹ መካከል የቆዳ ፋብሪካ አለ፤ ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነውና፣ ከብቱ የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ክሮሚየም ስንት ነው? ይህ ተለክቶ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

በጀቱ የሚበላሸውም ልኬቱ ላይ ነው። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ቅዱ፦ ፍሳሹ ከሚገባበት በላይ፣ መግቢያው ላይ፣ ወረድ ብሎ ውሃው በደንብ ከተቀላቀለ በኋላ። የላይኛውን ከዘለላችሁ ፋብሪካው «ወንዙ ይዞት የመጣው ነው» ሲል መልስ አይኖራችሁም። የጠቅላላ ክሮሚየም ናሙና ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ከወረደ ለወራት ይቆያል። የቢኦዲው (ተዋሕስያን በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ሲያበሰብሱ የሚፈጁት የኦክስጅን መጠን) ናሙና ግን አሲድ አይነካውም፤ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ቀን ከተዘጋ ናሙናው ከንቱ ነው። ዓርብ አትቅዱ፣ አስቀድማችሁም ደውሉ። ለድጋሚ ናሙና የሚሆን ገንዘብም ያዙ።

ሐምሌና ነሐሴ ጎርፉ ስለሚያቀጥነው ቆሻሻ ወንዝ ንጹሕ ይመስላል። ውሉ ሰኔ ላይ ከተፈረመ ልኬቱ ወደ በጋ እንዲገፋ ያኔውኑ አስጽፉ። ውጤቱ ሲመጣም የዓለም ጤና ድርጅት የክሮሚየም ወሰን፣ 0.05 ሚሊግራም በሊትር፣ ለሰው መጠጥ ውሃ የተቀመጠ መሆኑን አትርሱ፤ የፋብሪካ ፍሳሽና የከብት ውሃ በሌላ መለኪያ ነው የሚዳኙት። ይህን ያምታታ ዘገባ በአንድ ደብዳቤ ይፈርሳል።

ለኦሮምኛና ለአፋርኛ አስተርጓሚ የየብቻ መስመር ይኑር። በአማርኛ የሚወጣ ዘገባ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይኑረው የሚሉ ሰጪዎች ስላሉ የትርጉሙም ዋጋ ይግባ። በጀቱን በዶላር አስሉ፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ክፍያው ብዙ ጊዜ በየምዕራፉ ስለሚለቀቅ የላቦራቶሪው ሒሳብ ከመጀመሪያው ክፍያ ይሁን። ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስልክ ቁጥርና ፊርማ ያለበት የክፍያ ወረቀት ይበቃ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ።

ሰጪው ዘገባውን ከመውጣቱ በፊት እንደማያይ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር። እዚያው ተፋሰስ ላይ የራሱ ፕሮጀክት ያለው ድርጅት ከሆነ ገንዘቡን ባትወስዱ ይሻላል፤ ከወሰዳችሁ ግን ስሙ ከዘገባው ግርጌ ሳይሆን ከአናቱ ይጻፍ።