አዲሱ ሳይመጣ አሮጌውን በርሜል አታስረክቡ

የሪሳይክል በርሜሌን (ካርቶንና የመሳሰለው እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል የሚጣልበትን) ክዳን የገነጠለው የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢያችን አስተዳደር፣ የቆሻሻ መኪና ነው። በመስኮት ቆሜ አይቻለሁ። የምኖርበት የለንደን ክፍል ካውንስል ደግሞ ሠራተኞቹ ለሰበሩት በርሜል አያስከፍልም። ድረ ገጹ ላይ ቅጹን ሞላሁ፣ ፎቶ አያያዝኩ፣ የማመልከቻ ቁጥር ተቀበልኩ። 10 ደቂቃ አልፈጀም።

መልእክቱ «አዲሱ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ይደርሳል፤ አሮጌውን ባዶ አድርገው ደጅ ያውጡ» ይላል። እንደ ጨዋ ተማሪ አወጣሁት። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

አሮጌው በሦስተኛው ቀን ተወሰደ። አዲሱ በሦስተኛው ሳምንትም አልመጣም። ደወልኩ፤ 40 ደቂቃ ሙዚቃ ካዳመጥኩ በኋላ አንዲት ሴት ማመልከቻዬ መዘጋቱን ነገረችኝ። ቤቴ የጋራ በርሜል ተጠቃሚ ነው ተብሎ ነው። በመንገዳችን የጋራ በርሜል የሚባል ነገር የለም! እኔ ያለሁት ድሮ አንድ የነበረ፣ ኋላ ለሁለት በተከፈለ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ሲጣራ ጥፋቱ የእኔም ሆኖ ተገኘ። ብሪታንያ ውስጥ እያንዳንዱ አድራሻ እስከ 12 አሃዝ የሚደርስ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ቅጹ ላይ ግን የእኔ ቤት ሁለት ቦታ ተዘርዝሯል፤ አንዱ በቁጥርና በፊደል፣ ሌላው «ምድር ቤት» ተብሎ። ሳላስተውል የመጀመሪያውን፣ የጋራ በርሜል ተጠቃሚ ተብሎ የተመዘገበውን፣ ነካሁ። ኮምፒውተሩ አዲስ በርሜል ከለከለኝ፤ አሮጌውን እንዲያነሱ የታዘዙት ግን ትእዛዛቸውን ፈጸሙ።

«ታዲያ የእኔን ለምን ወሰዳችሁ?» አልኳት።

«እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ልዋጭን ያውቃል። አሮጌ ልብስና ጫማ ይዛችሁ ስትወጡ በአንድ እጁ ሳፋውን እየሰጠ በሌላው ይቀበላል። ሳፋውን ሳያስረክብ ጫማችሁን ይዞ ቢሄድ ሰፈሩ ሁሉ ይነሣበት ነበር።

እንደገና «ተሰበረ» ብዬ እንዳላመለክት የተሰበረ በርሜል የለኝም። «ጠፋ» ብል ክፍያ አለው። ራሳቸው ለወሰዱት በርሜል አልከፍልም አልኩ። ካርቶኑ በኮሪደሩ ተቆለለ፤ ከሌላው የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ባስቀምጠው ሠራተኞቹ አልፈውት ይሄዳሉ። በመጨረሻ ለወረዳችን የምክር ቤት ተመራጭ አምስት መስመር ጻፍኩ፤ ፎቶውንና የማመልከቻ ቁጥሩን ጨመርኩ። በሁለተኛው ቀን በርሜሉ ደጄ ቆሞ አገኘሁት። ከሰባት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው!

ስለዚህ መመሪያው ምንም ይበል፣ አዲሱን በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ አሮጌውን ከግቢ አታውጡ። ቅጹ ላይ አድራሻችሁ ሁለት ጊዜ ከመጣ ሳትመርጡ ደውሉ። ስልኩ ካልሠራ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ እስክትደውሉ አትጠብቁ፤ ለተመራጩ ጻፉ፤ ድምፅ የሚፈልግ ሰው ኢሜይል ያነባል።

በአዲሱ በርሜል ሁለት ጎን የቤት ቁጥሬን በነጭ ቀለም ጻፍኩበት። ሳምንት ሳይሞላው የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ የፒዛ ካርቶን ከነቅባቱ ጨመረበት።